ከእርሳሱ ሥር ያለው ፊት

ሰኞ

ዛሬም ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ዋለ። የአንዱ ሙቀት ከወንበሩ ሳይለቅ ሌላው ይተካል። ስቱዲዮአችን እንዲህ ያለ ግርግር አይቶ አያውቅም፤ ሰዉን ያመጣው ግን የእኔ ሙያ ሳይሆን አዲሱ ሕግ ነው። ከአሁን በኋላ የመራጭነት ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱን ባለፎቶ መታወቂያ ያልያዘ ሰው ድምፅ አይሰጥም ተብሏል። እስከ ዛሬ ስሙ መዝገብ ላይ ካለና አስመራጮቹ ካወቁት ማንም ገብቶ ይመርጥ ነበር። ማጭበርበር እንዳይኖር ነው አሉ። በእኛ ሰፈር ማን መቼ እንዳጭበረበረ የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ሰልፉን አየችና፣ “ሕጉን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ እንዴ?” አለችኝ። ሳቅኩላት። ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ።

አባዬ እንደ ልማዱ ጥግ ላይ ካለችው ወንበሩ ሆኖ ደንበኞቹን “አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ላላ” ይላል። ካሜራውን ከለቀቀልኝ ቆይቷል፤ አፉን ግን አልለቀቀልኝም። ስንዘጋ፣ “የኔስ መቼ ነው?” አለኝ።

“የምን?”

“ፎቶ ነዋ። እኔ አልመርጥም?”

የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንስቼ የገዛ አባቴን ረስቼዋለሁ። እሱ ሱፉን ከሻንጣ አውጥቶ ከበሩ ጀርባ ሰቅሎታል። ምርጫው እኮ ገና ነው ስለው፣ “ሱፉም ነፋስ ያግኘው” አለ።

ማክሰኞ

አባዬን አነሳሁት። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ራሱ መቀመጥ አያውቅበትም። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። “አገጭ ዝቅ” ስለው፣ “ደሞ አንቺ ልታሳዪኝ?” ብሎ ኮስተር አለ፤ ዝቅ ግን አደረገ።

ፎቶውን አስተካክዬ፣ አትሜ፣ ቆርጬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ሐሙስ ወደ መታወቂያ ቢሮ እንሄዳለን።

ስቱዲዮአችን ሌላው ሁሉ ሲዘጋ እንኳን ክፍት ነው። የሚዘጋው በምርጫ ቀን ነው። እማዬና አባዬ ለብሰው፣ አጊጠው፣ ጎን ለጎን ምርጫ ወደሚካሄድበት ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። እማዬ የሪተች እርሳሷን፣ ፎቶ ላይ ያለ እንከን የምታጠፋበትን፣ ይዛ ነው የምትሄደው፤ ሚስጥር ክፍሉ ውስጥ በሲባጎ የታሰረችው እርሳስ ዱልዱም ናት እያለች። አስመራጮቹ ይስቁባት ነበር። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ የነበረው ግን ምርጫው አልነበረም፤ አባዬ ያለ ካሜራ ከእማዬ አጠገብ መቆሙ ነው። በሌላው ቀን ፊት ለፊቷ እንጂ አጠገቧ አይቆምም።

እማዬ ከሞተች ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ናፍቃኛለች። እዚህ ካልጻፍኩት ለማንም አልናገረውም።

ሐሙስ

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። አባዬ ማስታወቂያ ማንበብ እንደሚወድ አላውቅም ነበር። በየፎቁ እየቆመ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንድ ሳያስቀር አነበበ፤ ስለ ጠፋ ቁልፍ እንኳን ሳይቀር።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጸሐፊ ወጣት ነው። ባለመስኮቱ ብየዋለሁ። አሮጌውን መታወቂያና አዲሱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠና አያቸው። አባዬን ቀና ብሎ አየው። ተመልሶ ፎቶዎቹን አየ።

“አባት፣ ሁለቱ ፎቶዎች ይስማማሉ፤ የማይስማሙት እርስዎ ነዎት” አለ።

“እንዴት ሆኖ?”

“ፊትዎ ላይ ጠባሳ አለ። እዚህም የለም፣ እዚህም የለም።”

ክው አልኩ። አባዬ ከቀኝ ቅንድቡ እስከ ጉንጩ የወረደ ጠባሳ አለው፤ ልጅ ሆኖ መስታወት ላይ ወድቆ ያገኘው ነው። ከአዲሱ ፎቶ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳላስበው። የሰው ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍት እጄ ራሱ እየሄደ ብጉሩንም፣ ጠባሳውንም፣ ከዓይን ሥር ያለውንም ይጠርጋል። ሪተች እኛ ቤት ሰላምታ ማለት ነው። አባቴን ልክ እንደ መንገደኛ ጠርጌው አለፍኩ።

የአሮጌው መታወቂያ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አባዬ መታወቂያ ባሳደሰ ቁጥር ያንኑ የወጣትነቱን ኔጋቲቭ እያወጣ አዲስ ፎቶ ሲያትም ነው የኖረው። “ኔጋቲቭ እያለኝ ማን ይቀመጣል” ይላል። የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ስለሚያውቁት እየሳቁ ማኅተሙን ይመቱለታል። ስለዚህ መታወቂያው ላይ አባዬ አሁንም ያላገባ ጎረምሳ ነው። ፊቱ ልስልስ ያለ፣ ጠባሳ የሌለው ጎረምሳ።

“ታዲያ ጠባሳው የት ሄደ?” አለ ባለመስኮቱ።

“በእርሳስ ጠፍቶ ነው።”

“በምን?”

“በእርሳስ።”

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። አባዬም አብሯቸው ሳቀ። እኔን ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዓርብ

ሳልነካካው እንደገና አነሳሁት። ጠባሳው አለ። ከዓይኑ ሥር ያለው እብጠት አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ብሏል። ከዚህ በፊት ልብ አላልኩትም። መብራቱ ይሆናል፤ አምፖሉን እቀይራለሁ።

ሰኞ

ብቻዬን ሄድኩ። አባዬ ደከም ብሎት ነበር።

ባለመስኮቱ አዲሱን ፎቶ ተቀበለኝ። አሮጌው ግን አሁንም አልሆነም። ፎቶው ላይ ያለው ሰውና አባዬ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል።

“የልደት ወረቀት የላቸውም?”

“በሱ ጊዜ ማን ያወጣ ነበር?”

“እንግዲያው ጠባሳው የሚታይበት የድሮ ፎቶ ያምጡ።”

“ምስክር ባመጣስ? ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። እሱ ያላነሳው ሰው የለም።”

“ምስክር ቀርቷል፣ እህቴ። ሕጉ እኮ የወጣው ሰው በሰው ቃል ብቻ እንዳይመዘገብ ነው።”

ክፉ ሰው ቢሆን በወደድኩ፤ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። “እስከ ወሩ መጨረሻ ካደረሱልኝ እኔ ራሴ አስገባዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ለምርጫው አይደርስም” አለኝ። ከልቡ ነው ያለው።

ስወጣ ሰልፉ ላይ ያለ አንድ ሰውዬ ለጓደኛው፣ “እኔ በአንድ ቀን ነው ያለቀልኝ። እውነተኛ ሰው ምን ይቸግረዋል?” ሲል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ሰውዬውን ባለፈው ሳምንት ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ድርብ አገጩን ያጠፋሁለትም እኔ ነኝ።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ “ኔጋቲቩ ላይ ነው ያለው” አለ። “እርሳሱ ከላይ ነው። በጥጥና በአልኮል ሲጠረግ ጠባሳው ይወጣል። ፈልጊው።”

“የት ነው ያስቀመጥከው?”

“ጠፍቶኛል።”

ማክሰኞ

ግርግር። ምሳ የለም።

የማንንም ፊት አልነካም ብዬ ወስኛለሁ። ደንበኛ ግን ሊበላኝ ነው። አንዷ ፎቶዋን አገላብጣ አየችና፣ “ይቺ ማናት?” አለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የራሷን ከብርሃን አስጠግታ አየችና፣ “ይቺማ አማቴ ናት። ሞታም አልተወችኝም” አለች።

“የምትፈልጊው መታወቂያ ነው ወይስ መልክ?” ብላት፣ “ሁለቱንም” አለች።

ረቡዕ ማታ

ጨለማ ክፍሉን ከፈትኩት። ፊልም ማጠብ ካቆምን ወዲህ ዕቃ ቤት ሆኗል። ሳጥን በሳጥን ላይ ተከምሯል፤ የአሲዱ ሽታ ግን ዛሬም አለ። የእማዬ ልብስ ላይ የነበረው ሽታ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ብዙ ቆየሁ፤ መብራቱን ያበራሁት በኋላ ነው።

ከሥራ መልስ ጀምሬ እስካሁን ስፈልግ ቆየሁ። አባዬ ፎቶ የለውም። የሰፈሩን ጥርስ ሁሉ የቆጠረ ሰው አንድ ሁነኛ ፎቶ የለውም። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ ወደ እማዬ ዞሯል፤ የሚታየው ጤነኛው ጎኑ ነው። በሌላው ሁሉ ካሜራው ጀርባ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ እማዬ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ እኔን ታቅፋለች፤ የአባዬ ጥላ መሬቱ ላይ ተጋድሞ እግሯ ድረስ ደርሷል። ባለመስኮቱ ጥላ ይቀበል እንደሆነ ልጠይቀው ይሆናል።

እማዬ ግን የሌለችበት ሳጥን የለም። እማዬ ስትስቅ ዓይኗ ይጨፈናል፤ አባዬ ሳይጨፈን ሊያነሳት ዕድሜውን ጨረሰ። ሳቋን ልትጨርስ ስትል አንድ፣ ልትጀምር ስትል አንድ፣ መሃል ላይ አንድ፤ ሁሉም ላይ ተጨፍኗል። አንዱን እንኳን አልጣለውም። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

እኔን እንደዚህ የሚያስቀምጠኝ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ በማሰቤ አፈርኩ። ሥራዬ ኔጋቲቩን መፈለግ ነው።

ዓርብ

አገኘሁት። ደግሞ የት ይሆናል፤ በእማዬ የሪተች ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ ከእርሳሶቿ ጋር፣ በአንዲት ትንሽ ፖስታ። ከመጀመሪያውም ማየት የነበረብኝ እዚያ ነው። ያላየሁት መሳቢያውን መክፈት ስላልፈለግኩ ነው።

ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልኩት። እርሳሱ ብርሃኑን ሲያገኝ ብልጭ አለ። ቀጫጭን ጭረቶች ናቸው፤ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ ከቅንድብ እስከ ጉንጭ ወርደዋል። ጭረቶቹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ።

አባዬ በቀኝ እጁ ነው የሚሠራው። ግራኟ እማዬ ናት።

እስከ ዛሬ አባዬ ራሱ ያጠፋው ይመስለኝ ነበር። የእማዬ እጅ ነው። በዚያን ጊዜ ገና ሚስቱም አልነበረችም፤ ስቱዲዮው ውስጥ ፎቶ የምታደርቅ ልጅ ነበረች። በኋላ ስታስተምረኝ፣ “ጫን አትበይ፤ የሪተች እጅ መታየት የለበትም” ትለኝ ነበር። አልታየም። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ፎቶ እያየሁ እጇን አላየሁትም።

እና ይሄንን በጥጥ ልጠርገው ነው።

አባዬ “አገኘሽው?” አለኝ።

“አላገኘሁትም” አልኩት።

ቅዳሜ

ብርሃኑ ጥሩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሥራ በጥሩ ብርሃን ነው የሚሠራው። ሰኞ እነግረዋለሁ።

ሰኞ

ደንበኛ በዛ። አልተመቸኝም።

ማክሰኞ

ስካን አደረግኩት። ቅጂው ካለኝ ዋናው ቢጠረግም ግድ የለም ብዬ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሳየው ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ባዘነብለው አይዘነብል፤ ብልጭ አይል። ዘጋሁት።

አባዬ፣ “ዛሬስ?” አለ።

“ዛሬም የለም።”

“እሺ” አለ። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሱፉ ላይ አቧራ ያለ ይመስል በእጁ መታ መታ አድርጎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ

ልብስ ሰፊዋ መጥታ፣ “ጋሼ ተሳካላቸው?” አለች። አልተሳካም አልኳት። “አይ፣ ምን ችግር አለው፤ ለሚቀጥለው ይደርሳል” አለችና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ለማጽናናት ነው። የሚቀጥለው ምርጫ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ታውቃለች? ክፉኛ ተናገርኳት። ምን እንዳልኳት መጻፍ አልፈልግም። ለሷ እንዲህ ቀላል ነው፣ ለሚቀጥለው።

ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እኔን እንዲህ ያናደደኝ ምን እንደሆነ ግን ራሴም አልገባኝም። አባዬ ደህና ነው። ትናንት እራቱን ጨርሷል።

እሑድ

ዛሬ አባዬ ቁርሱን በላ። ከዚያ ተነስቶ ጨለማ ክፍሉ ገባና ጠራኝ። የእማዬ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። ፖስታው ከፊቱ ነው። አጠገቡ ጥጥና የአልኮል ጠርሙስ አስቀምጧል።

“ተቀመጪ” አለኝ።

“አባዬ፣ እኔ እኮ…”

“አውቃለሁ። እኔ የፖስታውን አፍ ወደ ውስጥ ነው የማጥፈው። አንቺ ወደ ውጭ አጥፈሽዋል።”

ፊቴ ጋለ። “የት እንዳለ ታውቅ ነበር?”

“እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስንቴ እንዳወጣሁት ብነግርሽ ታዝኝብኛለሽ።”

“ታዲያ ለምን ጠፍቶኛል አልከኝ?”

“አንቺስ ለምን አላገኘሁትም አልሽኝ?”

ከዚያ እሱ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደበት። ውሃ አመጣሁለት። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ከዚህ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ።

እማዬን ካሜራ መጫን ያስተማራት እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳን እሷ እንድታየው ብሎ። ፎቶው የተነሳው ሽማግሌ ሲላክ ለእማዬ አባት፣ ለአያቴ፣ እንዲታይ ነበር። እማዬ፣ “አባቴ ጠባሳህን ካየ ጠበኛ ነህ ይልሃል” አለችና ተቀምጣ በእርሳሷ አጠፋችው። የመጀመሪያ ሪተቿ ነው። አያቴ ፎቶውን አይተው ወደዱት። አባዬ ራሱ ቤታቸው በሄደ ቀን ግን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ “ፎቶው ላይ ያለው ልጅ የት ቀረ?” አሉ።

“ያን ጊዜም ተመልሻለሁ” አለ አባዬ። “ባለመስኮቱ የመጀመሪያው አይደለም።”

ሳቅኩ። ከዚያ ጥጡን ከፊቱ አራቅኩት። “አባዬ፣ ይቅር” አልኩት። “አንድ ድምፅ ነው። እርሳሱ እኮ ከተጠረገ አይመለስም።”

“እናትሽ አንድ ድምፅ ነው ስትዪ ብትሰማሽ ጆሮሽን ነበር የምትይዘው።” ኔጋቲቩን አንስቶ በብርሃኑ አየው። “ስሚኝ። እቤት እፈልጋታለሁ፣ አላገኛትም። ወንበሯም ላይ፣ እዚህም። ሰልፉ ላይ ግን ሁልጊዜ አጠገቤ ነበረች። እዚያ ብቆም ትመጣ ይሆናል። ሌላ ምክንያት የለኝም። ማን እንዲያሸንፍ እንደምፈልግማ በሬዲዮ ሲናገሩ እረሳዋለሁ።”

ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

“እጄ አይታዘዝልኝም። አንቺ ጥረጊው” አለኝ።

ጥጡን አርጥቤ ነካ አደረግኩት። ምንም አልሆነም።

“ጫን በይ።”

“እማዬ ጫን አትበይ ብላ ነው ያስተማረችኝ።”

“እሱ ስታስቀምጪ ነው። አሁን እያነሳሽ ነው።”

ጫን አልኩ። ጥጡ ግራጫ ሆነ። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ። አባዬ ዓይኑን ከእጄ ላይ አላነሳም። ሲያልቅ ፊልሙን ወደ ስካነሩ ወሰድኩትና ሁለታችንም ስክሪኑ ፊት ቆምን።

እስከ ዛሬ የማውቀው ጎረምሳ ማንም ሊሆን ይችላል። ይሄኛው አባቴ ነው። ጠባሳው ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎ ወርዷል፤ አፉ ሳቅ ሊያመልጠው ነው፤ ሌንሱን ትክ ብሎ ያያል። ሌንሱን ሳይሆን ከጀርባው ያለችውን ነው የሚያየው። እማዬ በዚያን ቀን ያየችው ይሄንን ፊት ነው፤ እርሳሱ የመጣው በኋላ ነው።

“ምን ዓይነት ልጅ ነበርኩ” አለ አባዬ።

ጥጡን አልጣልኩትም። መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ

አብረን ሄድን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ማስታወቂያዎቹን አንስተዋቸዋል። አባዬ ባዶው ግድግዳ ፊት ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ ቆሞ ቆየ። ቀለሙን እያየ ነው አልኩ ለራሴ።

ባለመስኮቱ ኔጋቲቩንም ፎቶውንም አየ። ፎቶውን ከአባዬ ፊት አጠገብ አደረገና ፈገግ አለ። “አሁን ተገናኛችሁ” አለ። ማመልከቻውን ራሱ አስገባው። አንዲት ብጣሽ ደረሰኝ ሰጠን፤ ካርዱ ሲታተም እንደውላለን አለ።

“ለምርጫው ይደርሳል?”

“መድረስ አለበት።”

ልብስ ሰፊዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። “ረስቼዋለሁ” አለች። አልረሳችም፤ ግን የአባዬን ሱፍ በነፃ ተኮሰችልን።

ሰኞ

አልደወሉም።

ሐሙስ

ደወልኩ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር፤ አሁን ተሠርቷል፤ ወረፋው ብዙ ነው። ባለመስኮቱ ድምፄን ለየው። “ሌሊትም እየታተመ ነው” አለኝ። ይሄን ያለኝ እንድደሰት ይመስለኛል።

ቅዳሜ

ምርጫው ነገ ነው። ካርዱ አልመጣም። አባዬ፣ “ደረሰኝ አለኝ አይደል?” ይላል። ማኅተም አለው፣ ፎቶ አለው፣ የሱ ስም አለው። እኔም፣ “አለህ” እላለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የእማዬን እርሳስ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሾል አመሸ። ጫፉ መርፌ እስኪመስል። እጄ አይታዘዝም ያለው ሰው።

እሑድ

ለብሶ ጨርሶ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው። እርሳሱ የደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር ወጥቶ አጥሩን ይዞ ዞሯል። አባዬ ቦታ ያዘና በግራው በኩል የአንድ ሰው ክፍት ቦታ ትቶ ቆመ። ልጠጋው ስል፣ “አንቺ ከኋላ ሁኚ” አለኝ። ከኋላው ሆንኩ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል፤ ክፍቱ ቦታም አብሮት ይሄዳል። አንዲት ሴትዮ መጥታ፣ “እዚህ ሰው አለ?” አለችው።

“አለ” አላት።

ሴትዮዋ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላትና ወደ ኋላ ሄደች። ጀርባውን ብቻ ነበር የማየው። ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር፤ አንድ ነገር የሚሰማ ይመስል። አንድ ጊዜ ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አልጠየቅኩትም፤ ቀናሁበት። እማዬ እኔ ጋ አልመጣችም።

ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ አስመራጩ ደረሰኙን አገላብጦ አየው። ስሙን መዝገቡ ላይ አገኘው።

“ጋሼ፣ አውቅዎታለሁ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የምረቃ ፎቶዬን ያነሱኝ እርስዎ ነዎት። ግን ደረሰኝ አንቀበልም። ካርዱ ራሱ ነው የሚያስፈልገው። ሕጉ ነው።”

“አስታውስሃለሁ” አለ አባዬ። “ዓይንህን እየጨፈንክ አስቸግረኸኝ ሁለቴ ነው ያነሳሁህ።”

አስመራጩ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ ክንዴን ያዘኝ። ቀለል ባለ እጅ ነው የያዘኝ። ከደረት ኪሱ እርሳሱን አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠው።

“ሂጂ። የታሰረችው ዱልዱም ናት” አለኝ።

ቀደም ብዬ ያወጣሁትን ካርዴን አሳየሁ። ገባሁ። የታሰረችው እርሳስ እንዳለች ናት፤ ሲባጎው ብቻ ተቀይሯል። ማንን ሊመርጥ እንደነበር አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ የሱን ድምፅ ልሰጥለት አልችልም። የራሴን ሰጠሁ። መጀመሪያ እጄ በልማዱ በስሱ ነካ አደረገ፤ ጭረቱ ለዓይንም አይታይም። ከዚያ ጫን አልኩ። መርፌ የመሰለው ጫፉ ተሰብሮ ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ ምልክቱ ግን ጥቁር ሆኖ ወጣ።

አባዬ አጥሩን ተደግፎ ጠበቀኝ። ሱፉን ከላይ እስከ ታች ቆልፎታል።

“ጫን ብለሽ ነው?”

“ጫን ብዬ። ጫፉ ተሰበረ።”

እርሳሱን ተቀበለኝ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና ኪሱ ከተተው። “አሾለዋለሁ” አለ። “ለሚቀጥለው።”

“እሺ” አልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ አንድ ግድግዳ ፊት ቆመ። ምንም አልተለጠፈበትም። አጠገቡ ቆምኩና አብሬው አነበብኩ። እሱ እስኪጨርስ ጠበቅኩት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ግድግዳ ሄድን።